የጤና ዕቅድዎ ማደሪያ አለው?

ታኅሣሥ ሲጋመስ ወደ ላስታ የሚያወጡት መንገዶች ነጭ ይለብሳሉ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከሌላውም የወሎ ክፍል የተነሱ ተሳላሚዎች የገናን በዓል በላሊበላ ለማክበር ይተማሉ። ዛሬ ብዙው በመኪና፣ አንዳንዱም በአውሮፕላን ቢመጣም ቀናትን በእግራቸው ተጉዘው የሚደርሱ አሁንም ጥቂት አይደሉም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አቀበቱ ለጎረምሳም አይራራም። ሆኖም ከእግረኞቹ መካከል ከዘራ የተደገፉ አዛውንቶችና ልጅ ያዘሉ እናቶች ይገኛሉ።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ይደርሳሉ? እምነታቸው ትልቁ ምክንያት መሆኑ አያጠያይቅም። የዚህ ዓምድ ጉዳይ ግን ለጉዞው የሚዘጋጁበት መንገድ ነው። ተሳላሚው የሚደርስበትን ቀን ቆርጦ ያውቃል፤ ታኅሣሥ 29 ነው፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ደግሞ 28። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራል። ስንት ቀን ያስኬዳል? መቼ ልነሳ? የት የት አድራለሁ? ከማን ጋር ልሂድ? ቆሎው ይቆላል፣ በሶው ይፈጫል፣ ዳቦው ይጋገራል። መንገድ ከገባ በኋላም በየጠዋቱ የሚያስበው ስለ ላሊበላ ብቻ አይደለም። ማታ የሚያድርበትን መንደር እያሰበ ነው የሚራመደው። ካሰበበት ሳይደርስ ቢመሽበት እንኳ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከአንዱ ደጅ ይጠጋል፤ ሲነጋ ይቀጥላል።

ይህን እኛ መስከረም 1 ቀን ከምናወጣው የጤና ዕቅድ ጋር ያስተያዩት። «ዘንድሮ ክብደት እቀንሳለሁ»፤ «ስፖርት እጀምራለሁ»፤ «መጠጥ እተዋለሁ»፤ «ራሴን እጠብቃለሁ»። አደይ አበባው ሳይጠወልግ ዕቅዱ ይጠወልጋል። ያኔ ብዙዎቻችን ጥፋቱን በራሳችን ላይ እናላክካለን። «እኔ እኮ ቆራጥ አይደለሁም» እንላለን። እንደ እኔ እምነት ግን ከሰውዬው ይልቅ ዕቅዱ ነው አብዛኛውን ጊዜ ጉድለት ያለበት። መድረሻ አለው፤ ማደሪያ የለውም። ስንቅም፣ የመነሻ ሰዓትም፣ አብሮ ሂያጅም የለውም።

በአዲስ ዓመት መነሳቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች በሳምንቱ፣ በወሩና በዓመቱ መጀመሪያ፣ እንዲሁም ከልደት ቀናቸው በኋላ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ የመሄድ ፍላጎታቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አዲስ ቀን አሮጌውን ድካም እንደተዘጋ ምዕራፍ እንድናየው ያደርጋል። እናም መስከረም 1ን፣ ወይም ነገ የሚመጣውን ሰኞ፣ መነሻ ማድረግ ይቻላል። መነሻ ግን ጉዞ አይደለም።

ግብ ለምን አንዳንዴ እንደሚሠራ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለምን እንደማይሠራ ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጠና ቆይቷል። ከተመራማሪዎቹ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ላታም ናቸው። ላታም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በግንድ ጫኝ ሾፌሮች ላይ የሠራው ጥናት ለእኛም ትምህርት አለው። ሾፌሮቹ መኪናቸው በሕግ ከተፈቀደለት ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይጭኑ ነበር። «የተቻላችሁን ጫኑ» ሲባሉ ለውጥ አልመጣም። «94 በመቶ ጫኑ» ተብለው ቁርጥ ያለ ቁጥር ሲሰጣቸው ግን ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ያለ አዲስ መኪና ጭነቱ ወደ 90 በመቶ ወጣ። «የተቻለህን አድርግ» የሚለው ምክር መልካም ይመስላል። ችግሩ፣ ስንት እንደተቻለን ራሳችን ፈራጅ ስለምንሆን ትንሹንም «የተቻለኝ ይህ ነው» እንለዋለን።

የኛው ኃይሌ ገብረሥላሴ የበርሊን ማራቶንን በተከታታይ ሦስት ዓመት ሲያሸንፍ ያስመዘገበውን ሰዓት ይመልከቱ። በመስከረም 1999 ዓ.ም. 2 ሰዓት ከ05 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሮጠ። በመስከረም 2000 ዓ.ም. 2፡04፡26 ገባና የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በመስከረም 2001 ዓ.ም. ደግሞ 2፡03፡59 ሆነ። ያው ከተማ፣ ያው ርቀት። መጀመሪያ 90 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 27 ሰከንድ ብቻ ነው የተቀነሰው። ከዓለም ፈጣኑ ሯጭ እንኳ በዓመት 27 ሰከንድ ሲቀንስ ደስ ይለዋል። እኛ ግን በአንድ ወር አሥር ኪሎ ካልቀነስን ብለን ተስፋ እንቆርጣለን።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስና አንድ ሰው በምናባችን እንያዝ። ዕድሜው 48፣ ሥራው አስጎብኚነት ነው። ታሪኩ የተፈጠረ ነው፤ ችግሩ ግን የተፈጠረ አይደለም። ይህ ሰው ድሮ በቀን ሁለት ጊዜ ጎብኚ ይዞ ከቤተ መድኃኔዓለም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ስፖርት የሚባል ነገር ሳያስፈልገው እግሩ ሥራውን ይሠራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ጎብኚው ቆመ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ ላስታ ደረሰ። ሥራ ሲጠፋ ቀኑ ረዘመ፤ መቀመጥ በዛ፤ ማታ ማታ ጭንቀትን ለመርሳት ጠጅ ቤት ጎራ ማለት ተጀመረ። አንድ ቀን ራሱን አሞት ጤና ተቋም ሲሄድ ደም ግፊቱ 152/96 ተገኘ። በሌላ ቀን ተመልሶ ሲለካም ያው ሆነ። ከ140/90 ጀምሮ ያለው፣ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ ከጸና፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል። ባለሙያው ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ ክብደት አውርድ፣ መጠጥ ቀንስ አለው። እሱም «እሺ» ብሎ ወጣ።

«እሺ» ግን ዕቅድ አይደለም። መጀመሪያ ሊለየው የሚገባው በእጁ ያለውንና የሌለውን ነው። የጎብኚው መምጣትና አለመምጣት፣ የሰላሙ ነገር፣ የኑሮ ውድነቱ በእጁ አይደሉም። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ክብደቱና የግፊቱ ቁጥርም በቀጥታ በእጁ አለመሆናቸው ነው። እነሱ ውጤት ናቸው። ድርጊት የሚባለው ምን ያህል እንደተራመደ፣ ወጡ ውስጥ ስንት ጨው እንደገባ፣ ስንት ብርሌ እንደጠጣ ነው። ስለዚህ ግቡን በድርጊቱ ላይ ያኖራል፤ ውጤቱን በወር አንዴ ይለካል። «እስከ ፋሲካ ግፊቴን 130 አደርሳለሁ» ብሎ በየጠዋቱ የሚጨነቅ ሰው ጭንቀቱን ጨመረ እንጂ ዕቅድ አላወጣም።

እግሩን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ይበቃል። ለወራት ተቀምጦ የኖረ ሰው በአንዴ ሠላሳ ደቂቃ አቀበት ይውጣ አይባልም። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ኪዳን ተስሜ ስመለስ፣ ቤት ከመግባቴ በፊት አሥር ደቂቃ እራመዳለሁ።» ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የሚከተለው የተለመደ ነገር አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሃያ፣ በአምስተኛው ሠላሳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ማደሪያዎቹ የሚመጡት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ባለው እሁድ ከከተማው ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ነአኩቶ ለአብ በእግር መሄድ። አራት ወር ሲሞላው ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም መውጣት። አሸተን መድረሻ ናት፤ የመጀመሪያው ሳምንት ማደሪያ ግን አሥር ደቂቃዋ ናት። እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ አሸተን ባይኖርም የሚያውቁት አንድ ዳገት አይጠፋም።

ጨውን በተመለከተ ትንሽ ረዘም አድርገን እንናገር፤ ምክንያቱም እንደ ዋዛ የሚታለፍ ጉዳይ ሆኗል። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ጥናት አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8 ነጥብ 3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። በዚያው ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አሁን «ጨው እቀንሳለሁ» የሚለውን ሰው ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ገበታ ላይ ስለሚነሰንሰው ነው። በእኛ ቤት ጨው የሚገባው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ በብዙ ቤት ጨው አብሮ ይፈጫል። ሽሮውም እንዲሁ። ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ከዚያ ወጡ ሲሠራ «ጨው ጨምሪበት» ይባላል። ሦስት በር እያለ አንዱን ብቻ መዝጋት ምን ይረባል?

ስለዚህ ለዚህ ቤት ውጤታማው ግብ በየቀኑ ምላስን መታገል አይደለም። «የሚቀጥለው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይፈጫል» የሚል ነው። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰን ውሳኔ ለወራት ያገለግላል። ወጡ ሲሠራ የሚጨመረው ጨው በዓይን ግምት መሆኑ ቀርቶ በሻይ ማንኪያ ይለካ፤ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቀነስ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ በአንዴ ከተቀነሰ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያምፃል። የጎደለውን ጣዕም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይሞሉታል። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ቀን ነው፤ «ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ከሁሉ አስቀድሜ የሳምንቱን አትክልት እገዛለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ራሱን የቻለ ግብ ነው። እዚህ ላይ ለአባወራዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉልን። ወጥ የምትሠራዋ ባለቤትዎ ከሆኑ ዕቅዱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሳያማክሯት ያወጡት የጨው ግብ በመጀመሪያው ምሳ ጠብ ይሆናል።

ስለ መጠጡስ? እዚህ ላይ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ያስተዋወቀው ቀላል ዘዴ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ግቡን «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል መልክ አስቀድሞ ካሰረው የመፈጸም ዕድሉ ከፍ እንደሚል አስረድቷል። «መጠጥ እቀንሳለሁ» የሚለው ሐሳብ ፈተናው ሲመጣ ማሰብን ይጠይቃል፤ ጠጅ ቤት ውስጥ ደግሞ ማሰብ ከባድ ነው። «ሁለተኛውን ሊቀዱልኝ ሲመጡ ጣቴን በብርሌው አፍ ላይ አደርጋለሁ» የሚለው ግን እጅን ብቻ ይጠይቃል። «ጓደኞቼ ማታ ሲደውሉልኝ፣ ቡና እንጠጣ እላቸዋለሁ።» «ዝናብ ከያዘኝ፣ የጠዋቱን መንገድ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ።» መሰናክሉን አስቀድመው ያውቁታል፤ መልሱንም አስቀድመው ያዘጋጁለት። ተሳላሚው «ቢመሽብኝስ?» ለሚለው መልስ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። በየቀኑ የሚጠጣና ሲተው እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ሰው ግን በአንዴ ለማቆም ብቻውን አይሞክር። ይህ የሕክምና ክትትል የሚያሻው ጉዳይ ነው።

ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ብቻውን አይሄድም ማለት ይቻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሲደርስም የከተማው ሰው ውኃ ይዞ ወጥቶ እግሩን ያጥበዋል፤ ይህ የላሊበላ የገና ወግ ነው። የጤና ግብም እግር የሚያጥብለት ሰው ይፈልጋል። ለመላው ሠፈር ማወጅ ግን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ብዙ ያወራለት ግብ ያኔውኑ የተሳካ እየመሰለ ይዘናጋል። አንድ ሰው ይምረጡ። በየሳምንቱ እሁድ «ስንቱን ቀን ተራመድክ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ የማይቆጣ፣ የማያላግጥም። የማኅበር ወይም የሰንበቴ ባልንጀራ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ልጅም ሊሆን ይችላል።

በቤተሰብ ደረጃ ግብ ማውጣት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤተሰቦችን አሠልጥኖ «ሞዴል ቤተሰብ» እያለ ሲያስመርቅ መለኪያዎቹ በዓይን የሚታዩ ነበሩ። መጸዳጃ ቤት ተቆፍሯል ወይስ አልተቆፈረም? ልጁ ክትባቱን ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም? አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ጥሩ ግብ ነው። ይሁን እንጂ እዚያው ውስጥ ወጥመድም አለ። ግቡ የምስክር ወረቀቱ ከሆነ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ማንም ሳይገባበት ይቀራል። እርስዎም የእርምጃ ብዛት የሚቆጥር ስልክ ካለዎት ቁጥሩን ለማድረስ ሲሉ ማታ ሳሎን ውስጥ አይዙሩ። ቁጥሩ የጤናዎ አገልጋይ ነው እንጂ ጌታ አይደለም።

«ስንት ቀን ብሠራው ይለምድብኛል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሃያ አንድ ቀን ነው የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ አይመኑት። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት አንድ ድርጊት ያለ ብዙ ማሰብ የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አሳይቷል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለምዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። እንግዲህ ያስሉት፦ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። በጾሙ ወቅት የጀመሩትን መልካም ነገር ለፋሲካ ማግስት ይዘው ካልተሻገሩ ሊለምድብዎ ጥቂት ሲቀረው ጣሉት ማለት ነው።

ከዚያ ጥናት የምወደው ሌላ ግኝት አለ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ጠራቢው ተሳስቶ የቀረፈውን ድንጋይ መልሶ ሊያኖረው አይችልም። የሰው ልማድ ግን እንደዚያ አይደለም። ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጥለው ማክሰኞን ስለዘለለ አይደለም፤ ማክሰኞን ስለዘለለ ረቡዕንም «ያው ተበላሽቷል» ብሎ ስለሚተወው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ያበጁ። አንድ ቀን ሊያመልጠኝ ይችላል፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ግን አያመልጠኝም። ልቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሕመም አለ። መንገደኛ በዝናብ ምክንያት አንድ ቀን ቢውል ጉዞው ቀረ አይባልም።

የጉዞው ምሳሌ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ብዙ ሕይወት የሚጠፋበት ነው። የተሳላሚው ጉዞ መጨረሻ አለው። አንዳንድ የጤና ግቦችም እንዲሁ ናቸው። ለምሳሌ የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር በሁለት ዓይነት። ታማሚው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሳሉ ሲቀንስና ጉልበቱ ሲመለስ «ዳንኩ» ብሎ የሚያቋርጥበት ጊዜ አለ። ያኔ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። እዚህ ላይ ቀኑን ቆጥሮ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ መድረስ ነው ግቡ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ግን ሌላ ናቸው። የሚያልቁበት ቀን የላቸውም። ግፊቱ 128/80 ተለክቶ «አሁንማ ተስተካክሏል» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው የተስተካከለው በመድኃኒቱ መሆኑን ይዘነጋል። ግፊት ደግሞ ሲወጣ ደወል አይደውልም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልብን፣ ኩላሊትን ወይም አንጎልን ከጎዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም «እስከ መቼ» የሚል ግብ አያውጡ። «በየዕለቱ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ እንደጨረስኩ» የሚል ያውጡ።

ይህን ስናነሳ የጠበሉን ጉዳይ በዝምታ ማለፍ አይቻልም፤ በተለይ ላስታን በመሰለ የቅዱሳት መካናት አገር። ጠበል ለመጠመቅ ብሎ መድኃኒትን ማቋረጥ አንዱ ሌላውን የሚከለክል ከመሰለን የመጣ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ጠበልተኞች መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለግፊትና ለስኳር መድኃኒትም የሚሠራው ይኸው ነው። ለሳምንት ጠበል ሲወጡ የሳምንት መድኃኒት ስንቅዎ ውስጥ ይግባ፤ ከበሶው ጎን።

ዕቅድዎን ዛሬ ማታ ሊጽፉ ካሰቡ አንድ ድርጊት ብቻ ይምረጡ። አምስት ግብ በአንዴ የያዘ ሰው አንዱንም አያደርስም። የትኛውን እንደሚመርጡ ካላወቁ ደግሞ የመጀመሪያው ግብዎ ማወቅ ይሁን። ዕድሜዎ ሠላሳን ካለፈና ግፊትዎን ተለክተው የማያውቁ ከሆነ «በዚህ ሳምንት ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄጄ እለካለሁ» ከሚለው የተሻለ መነሻ የለም። አዲስ ነገር ለሚጀምር ሰው ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚመክሩት ይህንን ነው፤ ከውጤት ግብ በፊት የመማር ግብ። የስኳር ታማሚ ከሆኑ «በጥዋትና በማታ ልኬቴ መካከል ያለውን ልዩነት ምን እንደሚያመጣው አውቃለሁ» ብለው አንድ ወር በደብተር ቢመዘግቡ ለሐኪምዎም ትልቅ እገዛ ነው።

ለዘንድሮ ገና በእግር ወደ ላሊበላ ለመሄድ ያሰቡም ይኖራሉ። ዝግጅቱ ከጥቅምት ይጀምር፤ በሳምንት አምስት ቀን የሚደረግ የሠላሳ ደቂቃ እርምጃ ለእግርም ለልብም ማሟሻ ነው። አዲስ ጫማ ተጫምተው ጉዞ አይጀምሩ፤ ከወር በፊት ይልመዱት። ከቆላ የሚመጡ ከሆነ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ሲወጡ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊያጋጥም ይችላል፤ የመጀመሪያውን ቀን ቀለል አድርገው ያሳልፉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ሕመሙ ከጠናብዎ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወደ ታች ይውረዱ። የስኳር ሕመም ኖሮብዎ ጾመው የሚጓዙ ከሆነ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከመነሳትዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር አይለይ። በአቀበቱ ላይ ደረትዎን ከጨመቀዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ ከሄደ፣ ወይም ከዓይንዎ ብዥ ካለ ወዲያው ይቀመጡና አብረውዎት ላሉት ይንገሩ፤ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ያድርሱዎት።